ተነሺ

በኛ ቋንቋ ፎቶ አይወሰድም፣ ይነሳል፤
የወደቀ ይመስል፣ ሰው ብድግ ይላል።

ካሜራዋን የሸጠልኝ ግሪሻ ነው፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣
ባገሩ መሐንዲስ፣ እዚህ ሬሆቮት ሌሊት ሱቅ የሚጠብቅ።
ዜኒት ናት፤ ቆዳዋ የተላጠ፣ ክብደቷ የጡብ፤
ዋጋዋን በሦስት ወር ከፈልሁ፣ ከብርቱካን ማሸጊያው ደመወዝ በመቆጠብ።
ያስተማረኝ በምልክት ነው፦ መስኮቱ ማለት ብርሃን፤
ትከሻዬን ያዝ ካደረገ፣ ቆይ ማለት ነው፣ አትጣደፍ አሁን።

ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤ በዓመት አንድ ጥቅል ፊልም፣
የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ፤ ሌላ ቀን አላነሳም።
ያን ቀን ማንም ፀጉሩን አያበጥር፣ ፊቱን አያዘጋጅ፤
ሁሉም ወደ ግቢው ገመድ ይሮጣል፣ ሽማግሌ፣ ሴት፣ ልጅ፤
እነሱ ልብስ ያነሳሉ፣
እኔ እነሱን።

ሱሊካ፣ የማራካሽዋ፣ በፊተኛው ፎቶ ጠጉረ ጥቁር፤
በሰባተኛው ሽበት፤ በአሥረኛው ሂና ነክቶት ቀይ ሆነ፤
በአሥራ አምስተኛው እሷ የለችም፣ ገመዷ ባዶውን ባከነ።

እንዳላማው ኳስ አቅፏል፣ ሁለት የፊት ጥርስ የለውም፤
በስድስተኛው መምህርቱ «ኤልዳድ» ብላዋለች፣ ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም፤
ቀጥሎ ወታደር ነው፣ ጠመንጃው ላይ የእናቱን አንሶላ ጣል አድርጎ፤
ቀጥሎ ከሰልፍ መልስ፣ ጭስ ያቀላውን ዓይኑን ከሌንሴ ሸሽጎ።
አምና ከፖስታ ሣጥኑ ላይ ኤልዳድን ፍቆ፣
በፊደላችን «እንዳላማው» ብሎ ጻፈ፤ «ማ»ን አዛብቷት፣ በራሱ ስቆ።

ሁለት ዓመት ጎዶሎ ነው። አንዱን እናቴን ቀበርሁ፤
አንዱን ዝናቡ በሌሊት መጣ፣ እኔ ብርቱካን ስመርጥ ነበርሁ።
ለዚያች ሌሊት ከሰማዩ ጋር እስካሁን አልታረቅሁም።

ሳዕድያ ፊልሙን ሲያጥብልኝ ወደ መብራት ይዘረጋው ነበር፤
«እይ» ይላል፣ «ኔጋቲቭ ላይ አንተ ነጭ፣ ግሪሻ ጥቁር!»
ሱቁ ዛሬ ስልክ ይጠገንበታል።

አንጓች ብቻ እምቢ አለች።
የሆስፒታል ወለል ታጥባለች፤ «አንተ የምታሳጥበው ፊት የለኝም፣
እኔ ራሴ አጣቢ ነኝ» አለች።
ሠላሳ አንድ ዝናብ ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ ወይ ካንሶላ ኋላ ቆመች።
ግን አለች፤ ሁሉም ላይ አለች፦
አንዴ ተረከዝ፣ አንዴ መቆንጠጫ የያዘች ጣት፣
አንዴ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጥላዋ፣ በሙሉ ቁመት።

ዘንድሮ ኩባንያው መጣ፣ ሃያ ስድስት ፎቅ በሰሌዳ ሥሎ፤
በሥዕሉ ላይ ሰው ይራመዳል፣ ቀጫጭን፣ ጥላ የሌለው፣ ውሻ አስከትሎ።
ያለኝን ፊልም ሁሉ ገለበጥሁ፣
አንዳቸውንም አጣሁ።
የማዘጋጃ ቤቱ አስተርጓሚ ወረቀቱን በአማርኛ አነበበ፤
«የተከበራችሁ ተነሺዎች…» ሲል ሳቄ መጣ፤ ማንም አልተባበረ።

ማታ በሬ ተንኳኳ። አንጓች ናት፤
የሥራ ልብሷን አላወለቀች፣ የስም ታርጋዋ ደረቷ ላይ አለ።
«ዝናቡን አልጠብቅም» አለች፤
«ሳልነሳ አንሳኝ።»

ደረጃው ላይ አቆምኋት። የደረጃ መብራት መቼም ያው ነው፣
ሰው ነገሩን ሳይጨርስ ይጠፋል፣ ቆጣሪ የሚፈራ ይመስል።
አንዴ ጠፋብን። ሁለቴ።
በጨለማው ትከሻዬን የያዘኝ ሰው ያለ መሰለኝ።
በሦስተኛው እሷው ራሷ ክንዷን ወደ ግድግዳው ዘርግታ
ቀዩን ቁልፍ ተጭና ቆየች፣
ዓይኗን ከኔ ሳታነሳ።

ፎቶው ላይ ግራ እጇ አይታይም።
ከክፈፉ ውጭ ነው፤
መብራቱን ይዟል።