ዓይኔን ግንባር ያድርገው

ዱብራቭካ ሹፌር ናት፤ የሰማያዊ ትራም፤
ዛግሬብ ጉም ለብሳ ስትተኛ እሷ አትተኛም።
ሃያ ሁለት ዓመት ሐዲዱን አምናለች፤
የት እንደሚታጠፍ በወገቧ ታውቃለች፤
ከሳቫ ድልድይ ማዶ እስከ መጨረሻው ፌርማታ
ደወሏን እየነካች፣ በር እየከፈተች፣ ጧት ማታ።

እኔ ከጋራዡ ነኝ፤ ፍሬን ነው ሥራዬ፤
ግሪስ የማይለቀው እጄና ኮሌታዬ።
የመጀመሪያዋን ሲጋራ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤
በረዶ ነበረ፤ «ስጠኝ እስቲ» አለችኝ፤
ክብሪቱን በመዳፌ ከነፋስ ከልዬ
ለኮስኩላት። ምን አለ? ብርድ ነው ብዬ።
ከዚያ ወዲህ እንግዲህ በየመዞሪያው አንድ፤
እሷና ሲጋራዋ መንኮራኩርና ሐዲድ።

ማይግሬኑን ግን እኔ አይደለሁም የሰጠኋት፤
ከእናቷ የወረሰችው፣ ወንድም ያልተሟገታት
ብቸኛ ርስቷ ነው፤ ግማሽ ጭንቅላት።

ሲመጣ ድምፅ የለው፤ ብርሃን ነው የሚቀድመው፤
እንደ መጋዝ ጥርስ፣ ዓለሙን ከጠርዙ የሚከረክመው፤
ከተሳፋሪ ፊት ላይ አፍንጫውን ይሰርቃል፤
ከሰዓት ላይ ዘጠኝን፣ ከስም ላይ ፊደል ይፍቃል፤
ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ያሻውን በልቶ ይለቃል።
ከዚያ ነው መዶሻው። እሱንስ ግንባሯ ያውቃል።

እንዲህ በሆነ ቀን ፍሬኗን ትይዛለች፤
«ተተኪ ላኩልኝ» በሬዲዮ ትላለች፤
ኮቷን ራሷ ላይ ጥላ፣ ምን ታደርጋለች?
ከፌርማታው ጀርባ አንዷን ትለኩሳለች።
«ያስታግስልኛል።»
            እኔም አምናታለሁ፤
እሳት ለሚጠይቅ እሳት እሰጣለሁ።

አንድ ማክሰኞ በኖቬምበር፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
የምታወጣው ትራም፣ ቁጥሩ አሥራ አንድ፤
አለፈችው።
            ደግማ አለፈችው። ተመለሰች፤
«ቁጥሩን ማን ፋቀው? ‹አንድ› ነው እኮ» አለች።
ሁለት ቋሚ መስመር እፊቷ ቆመዋል፤
አንደኛው ከግራ ዓይኗ ተንኖ ጠፍቷል።
ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ሠላሳ። አንድ ሰዓት።
መጋዙ አልነበረም፤ መዶሻም አልመታት፤
ዝም ያለ ቀዳዳ ብቻ ዓይኗ ላይ ቀረባት።

ዶክተር ቲሆሚር ቀዝቃዛ ጣት አለው፤
ብሌኗን በጠብታ እንደ በር ከፈተው፤
በስክሪን አሳየን፦ ብርቱካንማ ምድር፣
ቀያይ ወንዞች ያሉት፤ አንዱ ሳይደርስ የሚቀር፤
ዳሩ ላይ የገረጣ፣ ውኃ እንዳጣ መንደር።

«በጭሱ ብቻ ነው ብዬ አልምልልሽም፤
በማይግሬኑ ብቻ ነውም አልልሽም፤
ይህ ሥር ከፀጉር ይቀጥናል። ሕመሙ ሲነሣ
ይጨመድደዋል፤ ይለቀዋል ሲረሳ፤
ሲጋራው ግን አይረሳም፤ በየመዞሪያው
ተራውን ጠብቆ አንገቱን ነው የሚያንቀው።
ሁለት እጅ ባንድ አንገት...»
            ጨረሰ? አልጨረሰም።
«የሄደው አይመለስም።
የቀረውን ግን...» አለና መነጽሩን ወለወለ።
እኔ ወለሉን አየሁ። ማንም ምንም አላለ።

መንገድ ላይ ማለች፦ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው
ሁለተኛ ባጨስ!»
            ሳቄ መጣና ጉሮሮዬ ያዘው።
ቀስ እያለ ገባኝ፦ መሐላው ቀድሟታል፤
ግንባሯ መዶሻ ቤት ከሆነ ቆይቷል፤
ዓይኗም ከዳር ጀምሮ ግንባር መሆን ይዟል።

አራት ቀን ቆመ መሐላው፤ ባምስተኛው ወደቀ፤
ከገና ወዲህ ግን ተጠግኖ፣ እንደቆመ ዘለቀ።

አሁን ሹፌር አይደለችም። የጠፋ ዕቃ ክፍል ናት፤
ጃንጥላ፣ ነጠላ ጓንት፣ የሰው ጥርስ አንዴ መጣላት፤
ትመዘግባለች፤ «ባለቤቱ ይመጣል» ትላለች፤
የራሷን ግን በየትኛው መደርደሪያ ትፈልጋለች?

እኔማ አጨሳለሁ፤ ምን ብዬ ልዋሽ?
ነፋሱን አይቼ፣ ጭሱ ወደሷ እንዳይሸሽ፣
ከጋራዡ ኋላ። ትናንት ግን በምሽት
ድንገት ብቅ ስትል፣ እጄን ስሰውርባት፣
በግራዋ በኩል ቆሜ ነበርና
አላየችኝም። አለፈች። ቆመችና
አሸተተች፦
            «ዝላትኮ? አንተ ነህ?»

ያን ጊዜ ክብሪቱን የከለለው መዳፌ
ፍሙን ጨበጠው። «አይደለሁም» አለ አፌ።