የሰማዩ ደረጃ

በሊየፓያ ወደብ፣ ትራም በሚዞርበት፣
ቪዝማ ፎቶ ታትማለች፣ በአንዲት ጠባብ ቤት።
ኦያርስ፣ ጡረተኛው መርከብ መሪ፣ ፍላሽ አምጥቶ፣
«ግድግዳ ትሙላልኝ» አለ፣ ሟች ሚስቱን በጣቱ ነክቶ።

አውስማ ቆማለች፣ ከኋላዋ ማታ፣
ብርቱካኑ ሰማይ በሐምራዊ ሊረታ።
ወረቀቱ ወጣ፤ ሰማዩ ግን ተሰባብሮ፣
በስሱ መምሸቱ ቀርቶ፣ እንደ ደረጃ ተደርድሮ።

የቀለሙን ጥልቀት፣ ስምንቱን ቢት፣ በዐሥራ ስድስት ለወጠች፤
ጄፔጉን በቲፍ ስም እንደገና አስቀመጠች፤
ደረጃው ንቅንቅ አላለም።

የስኒ ውሃ እንስራ ውስጥ ቢገባ፣
የሰፋው ሸክላው ነው፤ ውሃው መች ሊረባ።

«ዋናው ፋይልስ? ሮው የሚሉት፣ ካሜራው ውስጥ የነበረው?»
«ቦታ ሲሞላ አጠፋሁት» አለና፣ ባርኔጣውን በእጁ አዞረው።

ሲመሽ፣
ሰማዩ ላይ ሻካራ ቅንጣት ነሰነሰች፤
ደረጃውን አፍርሳ ምሽቱን መለሰች።

ኦያርስ በማግስቱ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ በቅርብ አይቶ፣
«ነፋስ ነበር ያን ቀን» አለ።
«አሸዋውን ማን ነገረሽ ከቶ?»