ዜሮ ነጥብ አምስት

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ፣
አዲሱ የመንገድ መብራት ለማንም ሳይል ሲያበራ፣
አንዲት ብልቃጥ ደም መጣች፣ ከነሙቀቷ፣ ወደ እጄ፤
«ስንቅነሽ ዘርጋው፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ አልጋ አራት፣ ከደራ።»

በልጅነቷ ጉሮሮዋን ያቃጠላት ያ ሕመም፣
«ያልፋል» ተብሎ የታለፈው፣ አላለፈም፤
ከልቧ በር ተቀምጦ ማጠፊያውን ሲበላ ኖሮ፣
ትናንት በሩ ተነቀለ፣ በብረት በር ተቀይሮ።

ቅጹ ላይ ሁሉም አለ፦ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣
በሰልፍ የተደረደሩ፣ የታወቁ፣ ባለ ስም።
ኅዳጉ ላይ ግን ዶክተር ኢዩኤል በእጁ ጽፏል፣
«ማግኒዥየምስ?»
እንቅልፍ ያጣ፣ አንገቱ የታጠፈ አንድ ጥያቄ ምልክት።

እሱን ማን ይጠይቀዋል?
እንደ ሠርግ ቤት ውኃ ቀጂ፣ ሲኖር ማንም አያየውም፤
ሲቀር ነው ድግሱ የሚቆም።
መለኪያው ፈሳሽ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤
ዛሬ አንድ ካርቶን መጣ፣ ማሸጊያው ገና ሳይሰበር።

ማሽኑ አጉረመረመ፣ አሰበ፣ ተፋው፦
ዜሮ ነጥብ አምስት።
ደገምኩት። ማሽን ይሳሳታል፤ እኔም እሳሳታለሁ።
ዜሮ ነጥብ አርባ ስምንት።

እብጠቷን እንዲያወርድ ስምንት ወር የዋጠችው ኪኒን
ውኃ ብቻ አላፈሰሰም፤ በርብሯል ጎተራዋን።
የተረፈውን ደግሞ፣ ደሟ በጎማ ቱቦ ሲዞር፣ አቀጠኑት።
ስንቅነሽ ስንቋ አልቆ ነው ለካ መንገድ የወጣች።

ስልኩ ተይዟል። አሳንሰሩ ከቆመ ዓመት አልፎታል።
አራት ፎቅ በእግሬ፣ ቁጥሩ እንዳይወድቅብኝ እየደገምኩ።
ልቧ ስክሪኑ ላይ ልጓሟን እንደጣለች በቅሎ ትጋልባለች።
ዶክተሩ ሰማኝ፤ አልመለሰልኝም፤ እጁ ግን መሳቢያው ውስጥ ነበር።
«ቀስ» አላት ሲስተር ረሂማን፣ «በጠብታ። ይኼ አይቸኩልም።»

ኮሪደሩ ላይ ወንድሟ ደምሰው፣ ጋቢው ውስጥ ተጨብጦ፣
«ምን ጎደላት?» አለኝ፣ ጫማውን ሳያጠልቅ፣ ደንግጦ።
«ጨው» አልኩት፤ ሌላ ቃል አጣሁ።
«በሬ ሸጠን የመጣነው ለጨው ነው?»

ከእግሩ ሥር የአምቦ ውኃ ጠርሙሱን አነሣሁ፣ ግማሽ የቀረውን፤
ደቃቁ ጽሑፍ ላይ ጣቴን አስኬድኩ።
ፊደል እየለቀመ፣ «ማ፣ ግ፣ ኒ...» አለ፤
«እዚህ ነበር እንዴ?»
ጠርሙሱን ክዳኑን አጥብቆ በጋቢው ጠቀለለው።

ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይሉታል፤
አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉታል።
ይኼኛው አይጣፍጥም፤ ይመራል።
ማንም ግን አልጣለውም፤
ለመጣልም ያስታወሰው አልነበረም።

ሁለት ሰዓት ላይ ተተካሁ። ሁለተኛዋ ብልቃጥ አልመጣችም።
ሰንጋ ተራ፣ ፉል ቤት፣ በጠባቡ አግዳሚ ተቀመጥኩ።
አሳላፊው ልጅ ሳህኑን አስቀምጦ ፊቴን አየና
«ምነው ጋሼ፣ ጨው አነሰው?» አለኝ።
«ቆይ» አልኩት፣ «ውጤቱ ገና አልደረሰም።»
ሳቀ ልጁ።