እርሳስ

ኤክሰተር ካቴድራል፣ ምድር ቤት፣ ሰኞ ማለዳ፣
ብርድ ነው እዚህ ዘወትር የማይሸኙት እንግዳ።
እኔ ዴንዚል እባላለሁ፤ መጻሕፍት አመላላሽ፣
የሞቱትን ከመደርደሪያ ለሕያዋን አድራሽ።
አላነብም። እሸከማለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤
ክብደቱን ግን ሳያነብም ጀርባ ነው የሚያውቀው።

ሕግ አለ ደግሞ እዚህ ቤት፦ ቀለም አይገባም ከቶ፤
ብዕር ያለው ብዕሩን ይገባል በር ላይ ትቶ።
የተፈቀደው እርሳስ ነው፤ ሲሳሳቱ የሚፋቅ፣
ይቅርታ የሚያውቅ ጽሕፈት፣ ከራሱ የሚታረቅ።

ሮዌና መጣች በሦስት ሰዓት፣ እጇን ታጥባ አድርቃ፣
የሰዓት ሠሪ መስተዋት ባንድ ዓይኗ ላይ አጥብቃ።
ሁለት መጽሐፍ አዘዘች። አንደኛው የንስሐ ቅኔ፣
ጥጃ ቆዳ ለብሶ የሚያለቅስ፣ «ወየው ጌታዬ ለእኔ»፤
የጳጳስ ፈቃድ ያለው፣ ወሩ የታወቀ ዓመቱ፣
«ለንደን፣ ከቶማዚን ፌን ሱቅ» የሚል ከነመበለትነቱ።
ሌላው ስምንት ቅጠል ብቻ፣ ቆዳ የለው ልባስ፣
ሽሙጥ ነው ከዳር እስከ ዳር፤ ያንኑ ጳጳስ የሚነክስ፦
«ሆዱ ከደወሉ ቀድሞ ለቅዳሴ ይደርሳል፤
ጾሙን ለበጎቹ ሰጥቶ፣ ከበጎቹ አንዱን ይጎርሳል።»
ደራሲ የለው፣ ዓመት የለው፤ ያታሚው ቦታ ሲነበብ፦
«ጨረቃ ላይ ታተመ፣ ከሰካራሙ ዓሣ አጠገብ»።
ያኔ የሽሙጥ ደመወዙ ጆሮ ነበር፤ ገበያ መሃል፣
በግንድ ተይዘህ፣ ሰው እያየህ፣ በቢላዋ ይቆረጣል።

ገጹን እንዲይዝ እርሳስ የሞላ የጨርቅ እባብ አጋደመች፤
ምሳ አልበላች፤ እንደ ጉንዳን ከመስመር መስመር ተጓዘች።
ከዚያ ዝም። እኔ ዝምታ ስንት ዓይነት እንዳለ አውቃለሁ፦
የእንቅልፍ አለ፣ የመሰልቸት፤ ለዚህኛው ግን ቆሜአለሁ።
«ና እስቲ ዴንዚል፣ ዓይንህ ከኔ ይሻላል» አለችኝ፤
መስተዋቷን ከዓይኗ አውልቃ አንዲት ፊደል አሳየችኝ።
«ለቅሶ» ከሚለው ቃላቸው ጫፍ ጂ የሚሏት ተቀምጣለች፤
ጅራቷ ተሰብሮ፣ ጎኗን ተቧጭራ እያነከሰች።
ወደ ሽሙጡ ወሰደችኝ፤ «አሳማ» ከሚለው ስድብ ጫፍ፣
ያቺው ጂ! ያው ስብራት! ያው ጭረት ከጎኗ እስከ አፍ!

ያቺው መበለት!
ቀን ለጸሎት ያቆመቻትን፣ ሲመሽ መስኮቱን ከድና፣
በለሆሳስ እየሳቀች፣ ሻማዋን በቅል ሸፍና፣
ከዚያው ሳጥን አውጥታ ነው ለስድብ ያሰለፈቻት፤
ሌላ ፊደል አልነበራት፤ ድህነቷ ነው ያጋለጣት።
ደግሞስ ማን አስመሳይ አላት? አለቀሰችም ሳቀችም፤
ሁለቱም የልቧ ነበሩ፤ አንዱን ላንዱ አልሸጠችም።

ሆድ ያባውን ብቅል ነበር ያወጣዋል ሲባል የኖረው፤
እዚህ ግን ብቅል አይደለም፣ እርሳስ ነው የተናገረው፦
በእሳት ቀልጦ ፊደል የሆነ፣ ግማሽ ጣት የማይሞላ እርሳስ፣
ጳጳሱ ሞቶ፣ ቆራጩ ሞቶ፣ ለምስክር የሚደርስ።

ሮዌና የራሷን አነሣች። ይህን የጻፈ ይከብራል፤
ስምንቱ ቅጠል በጨረታ የቤት ዋጋ ያወጣል።
እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። ጆሮዋን ነካ አደረገች፣
ከብርዱ ይሁን ከሌላ፤ «ምን ይመስልሃል?» አለች፣
«እስከ መቃብር የደበቀችውን... ልጻፍባት? ወይስ ልርሳ?»
እኔ ምን አውቄ! ሸክም እንጂ ፍርድ አላነሣ!

አሥራ አንድ ሰዓት ደወል ሲመታ መጻሕፍቱን ለቀምሁ፣
ንስሐና ሽሙጥን ባንድ ጋሪ ጎን ለጎን አስተኛሁ።
ጠረጴዛዋን ልጠርግ ስል የላጲስ ፍርፋሪ አየሁ፤
ጽፋ ነበር፤ ፍቃ ነበር፤ ምን እንደነበር ግን አጣሁ።
እርሳስ ይናገራል፤ ደግሞም «እርሳ» ይላል በስሙ።

ጋሪዬን ይዤ ወረድሁ፣ ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ጨለማው።
አንዱ ጎማው ስብር ነው፤ በሄድሁበት ይንጫጫል፤
እኔ መሆኔን ሰው ሁሉ፣ ሳያየኝ፣ በዚያ ይለያል።