የተነበበ ደብዳቤ

ጓንት ሳላጠልቅ ቱቦዋን ነካኋት፤
ለቅጽበት ነው፤ ወዲያው ረሳኋት።

በማግስቱ ሊኦራ የጄሉን ሥዕል አየችው፤
ሁለት የጠሩ መስመሮች ስትጠብቅ
ጭጋግ አገኘችው።
«ጣትሽ ነው» አለች። አልተቆጣችም።
«የሁላችንም ላብ መቀስ አለበት።»

ሦስት ሳምንት የለፋሁበት አር ኤን ኤ!
እጄን ገልብጬ አየሁት፤
የማላውቀው ሠራተኛ አድሮበታል ለካ።

በሕዋስ ውስጥም እንዲሁ ነው፦
ትእዛዝ ከማኅደሩ ይገለበጣል፣
ይወጣል፣ ይነበባል፣
ከዚያ ኢንዛይሙ ከጫፉ ይዞ
ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም
ፊደል በፊደል ይለቅመዋል።
አንዳንዱን ግን አይፈጀውም፤
ትርፉን ከርክሞ ለሥራ ያበቃዋል።
የተለቀመውም አይጣልም፣
ለነገ ቃል ይመለሳል።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ»
ይላል አባቴ።
ሕዋስ ይህን ተረት አልሰማችም፤
እሷ ዘንድ
የተናገሩት ካልጠፋ
የወለዱት ነው የሚጠፋ።

ደግሞ እሱ ራሱ!
አምቦበር ሳለን፣ በደርግ ጊዜ፣
ከዚህ አገር ከአጎቴ ባዩ የመጣ ደብዳቤ
በሹክሹክታ ሦስቴ ይነበባል፤
ከዚያ ቁርጥራጩ ለወንዙ።

ዛሬም ረሖቮት፣ ኪርያት ሞሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
የመብራት ሂሳቡን ከዕብራይስጥ እየመለስኩለት
ሳልጨርስ ጣቶቹ ይጀምራሉ፤
በቁመት፣ በአግድም፣ እንደገና በቁመት።
«አባዬ፣ ይሄ እኮ ገና አልተከፈለም!»
«ሰማሁት አይደል?»

ዛሬ ማታ
ሁለት ጓንት ደርቤ ገባሁ።
ማቀዝቀዣው ያጓራል።
በላስቲኩ ውስጥ
የአባቴ ጣቶች ያልባቸዋል።