የሦስት ወር ዋስ

ጋራዡ ተዘግቷል፤ በሩ ላይ ወረቀት፣
«እስኪነገር ድረስ»፣ በችኮላ ጽሕፈት።
ውሉ ግን አይሰማም፦ በዓመቱ፣ በቀኑ፣
ዘይቱ ካልተለወጠ ይፈርሳል ኪዳኑ።

ግሌኒስ ማክሰኞ ማክሰኞ ሞተሩን ታሞቃለች፤
የማይሉን ቁጥር ፎቶ ታነሳለች።
ካለፈው ሳምንት አንድ አልጨመረም፤
የካርማርዘን ዝናብ ብቻ አላቋረጠም።

ደብዳቤ መጣ፦ «ሦስት ወር አራዝመናል።»
ነርሷ ስልኩን ከኤምሪስ ጆሮ አስጠጋች፤
ግሌኒስ ከወዲህ ጮክ ብላ አነበበች።
በኦክስጅኑ መሃል፣ ቃሉ እየተቆረጠ፣
«በጽሑፍ... ነው?»
«በጽሑፍ ነው። ፊርማም አለበት።»
«እንግዲያ ጎማውን... ንፊ።»

ሞተሩን አጠፋች።
ለመኪናው ዋስ ተገኘ።
ስለ እሱ ሐኪሙ ያላት
«እናያለን» ብቻ ነው፤
እሱንም በቃል።