የቪርቬ ብልቃጥ

ታርቱ። ኤማዮጊ በረዶ ለብሶ ተኝቷል፤
ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ ሰማዩ ግን ጨልሟል።
ምድር ቤት ወረድን፤ ቪርቬ መብራት አበራች፣
ከቁም ሣጥኑ ጨለማ ብልቃጧን አወጣች።

ብርቱካንማ ፈሳሽ፤ አንገቱ በሰም ታሽጓል።
«በወረቀት ይኸ ሰውዬ ከሞተ ቆይቷል፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ሞላው» አለች፣ «ምን ላድርገው፣
መርዶውን እስካሁን ማንም አልነገረው።»

መሐሉ ኮባልት ነው፣ ሦስት ኤሌክትሮን የጎደለው፤
ፊትና ኋላውን፣ ግራ ቀኙን፣ ላይ ታቹን
ስድስት አሞኒያ እንደ ዘብ የከበበው።
የሰፈሩበት ግን የጠላት አገር ነው፤
አሲድ፣ አሞኒያ ሲያይ ምራቁን የሚውጠው።

ፕሮፌሰር ሂንድሬክ ባለፈው ማክሰኞ
ሰሌዳ ሞልቶ ነበር፣ እጅጌው ጠመኔ ለብሶ፦
አሲዱ አሞኒያዎቹን አንድ ባንድ ይነጥቃል፣
በለቀቁት ወንበር ውሃ ይቀመጣል፣
ውሃ የከበበው ኮባልት ግን ረኀቡን አይችልም፤
ከገዛ እንግዳው፣ ከውሃው፣ ኤሌክትሮን ይቀማል፣
ኦክስጅን አረፋ ሆኖ ሽቅብ ያመልጣል፣
ብርቱካኑ ይጠፋል፣ ሮዝ ቀለም ይቀራል።
ሚዛኑን ሲያሰላው አንድ ጻፈና፣ ከኋላው
ሃያ አምስት ዜሮ ደረደረ፤ ሰሌዳው አልበቃው፣
በበሩ ሳንቃ ላይ ዞሮ ጨረሰው።
«ቁልቁለት አይደለም፣ ገደል ነው» አለን።
«ውሃ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ አያድርም።»

ቪርቬ ከኋላ ብርጭቆ ታጥብ ነበር።
«ያድራል» አለች፤ ቧንቧውን ዘጋች።

«ቁልቁል መሆኑን ማን ካደ? ግን ከገደሉ በፊት
ደፍ አለች፣ አንድ ስንዝር፤ ጭንቁ እሷን መሻገር ነው።
ስሌት የት እንደምትደርስ ይነግርሃል እንጂ
መቼ እንደምትነሣ አይነግርህም።»

የሠራችው ራሷ ናት። ሮዝ ኮባልት፣ አሞኒያ፣
አንድ ማንኪያ ከሰል፣ ሌሊቱን ሙሉ አየር እየነፋች።
«ኦክስጅኑን ከዚህ ክፍል ተበድሬ ነው የሰጠሁት፤
ሲፈርስ ይመልሳል። ከሰሉ በር ከፋች ነው፤
የሚያስገባው በር ደግሞ የሚያስወጣውም ያው ነው።
ሦስቴ ያጠለልኩት ለዚህ ነው።»

ጥቅምት ላይ ደብዳቤ መጥቷል፦ ቤተ ሙከራው ተዘግቷል፣
ሚዛኑም፣ ምድጃውም፣ የቪርቬም ደመወዝ።
በወረቀት። እሷ ግን በየጠዋቱ ቁልፍ ይዛ ትመጣለች፤
እንዲህ ነው የሚላት አልተገኘ።

የመጨረሻው ዓርብ ሂንድሬክ ራሱ ወረደ፣
በትንሽ ሳህን ቁንጥር ከሰል ይዞ፣ እንደ ልጅ አፍሮ።
«ላሳያቸው ነበር» አለ፣ «አንዴ ብቻ፣ ሳንለያይ።»
ቪርቬ ዝም አለች። ከዚያ ሰሙን በጥፍሯ ፈቀፈቀች፤
ፈሳሹን ለሁለት ከፈለችው።

ለአንደኛው ግማሽ ከሰሉን ሰጠችው፣
የሞቀ ውሃ ላይ አስቀመጠችው፣
ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፣ በሽተኛ እንደምትጠብቅ።
ሲመሻሽ ደበዘዘ፤ ጥቂት አረፋ፤
ከዚያ ከጥቁሩ ዱቄት በላይ ሮዝ።
አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ ምንም አይሸትም።
«አሞኒያውን አሲዱ ውጦታል» አለች፤
«ብድሩ ግን ተመልሷል። ተንፍስ።»

ሂንድሬክ በሩን አየ። ዜሮዎቹ ልክ ነበሩ።

ልጠበው ብዬ ወደ ገንዳው ሳዘነብል ጮኸችብኝ፦
«ኮባልት ወደ ቧንቧ አይደፋም! ወንዙ ውስጥ ዓሣ አለ!»
በማጠራቀሚያው ጠርሙስ ላይ ስሙንና ቀኑን አስጻፈችኝ፤
ጽሑፌ ስላላማራት ደግሞ አስደገመችኝ።

ሌላውን ግማሽ በሱፍ ካልሲ ጠቅልላ
ከካፖርቷ ኪስ ከተተችው።
ብርዱ ከዜሮ በታች ዐሥራ ዘጠኝ ነበር።
ድልድዩን ስትሻገር በመስኮት አየኋት፣
አንድ እጇ ኪሷ ውስጥ፤
መንገዱ ያንሸራትታል፤ ቀኙን እግር አስቀደመች፣
ቆመች፣
ከዚያ ግራውን።